ደብሪቱ የኦቦ ሞረዳን ኮምፒውተር ከሐሰተኛው ዘበኛ ያስለቀቀችበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ጥቅምት፣ ዝናቡ ሄዶ ጭቃው ገና ባልሄደበት፣ በባኬ ጃማ ሰፈር ፎቶኮፒ ቤቷን ከፍታ ስሟ በነቀምቴ በተሰማበት ዘመን፣ የወረቀት እመቤት፣ የቀለም ባለቤት፣ መታወቂያ በፊትም በጀርባም አባዝታ ለሕዝብ የምታድል፣ ፍላሽ በአንገቷ እንደ ማዕተብ የምታንጠለጥል ደብሪቱ ይህን ገድል ሠራች። ጸሐፊዋ እኔ ታላቅ እህቷ የሺአረግ ነኝ። ያየሁትን ጻፍኩ፤ ያላየሁትንም ራሷ ነግራኛለችና እንዳየሁት ቁጠሩልኝ።

በዚያም ወራት በኡኬ ከተማ የባሏ የነመራ አባት ኦቦ ሞረዳ ይኖሩ ነበር፤ በሾፌርነት አርጅተው ጡረታ የወጡ፣ በራቸው ቀን የማይዘጋ፣ መንገደኛ ሳይቀመጥ የማያልፋቸው። ነመራ ለሥራ ርቆ ሳይሄድ በፊት ኮምፒውተር ገዝቶ ሳሎን አቁሞላቸው ነበር። በውስጡም የሟች ባለቤታቸው የአዴ ኬኔ ቪዲዮ አለ፤ አዴ ኬኔ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተሰቡን ሲመርቁ። የቀረጸው ስልክ ጠፍቷል፣ ሌላ ቅጂም የለም። የሴትየዋ ድምፅ በዚህ ዓለም የቀረው እዚያች ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው፤ ሽማግሌውም ጠዋት ጠዋት ይሰሟታል።

ወእምዝ፣ ካህናቱ ከዚያ በኋላ ለማለት እንደሚሉት፣ አንድ ቀን ኦቦ ሞረዳ ኢንተርኔት ከፍተው መዝሙር ሲፈልጉ ቀይ ሳጥን ስክሪኑ ላይ ብቅ አለና፣ ኮምፒውተርዎ ታሟል፣ እኔ ዘበኛ ነኝ፣ ልግባና ልጠብቅዎት ወይ ሲል ጠየቀ። በሾፌርነት የለመዷት እንግሊዝኛ ይህን ያህል ትበቃቸዋለች። እንግዲህ በኦቦ ሞረዳ ቤት ደጅ ቆሞ ልግባ ያለ ሰው እምቢ ተብሎ አያውቅም። ኬሱማ ነው፣ እንግዳ ነው ብለው «ሴኒ፣ ግባ» አሉና ተጫኑት። ደግሞ ጠየቀ፣ ደግመው አስገቡት። በሦስተኛው፣ ጓደኞቼንስ ላምጣ ወይ አለ፤ እነሱም ይምጡ አሉ። ሰውየው እንዲህ ናቸው፣ ምን ይደረግ።

ዘበኛውም ከገባ በኋላ ተደላደለ፤ ሰፋ፤ የቤቱ ጌታ ሆነ፤ ባደረም ጊዜ በቀይ ፊደል እንዲህ ሲል አዋጅ አስነገረ፦

«በዚህ ኮምፒውተር ስፍር ቁጥር የሌለው በሽታ አግኝቻለሁ። ከሁሉ የከፋው ኬኔ የሚባለው ፋይል ነው፤ ዘግቼበታለሁ። የባንክ ካርድ ቁጥር ካልሰጣችሁኝ ነገ አጠፋዋለሁ።»

የባንክ ካርድ በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ኦቦ ሞረዳ ግን እንግዳው ተቸግሮ ይሆናል ብለው ከሱቅ የሞባይል ካርድ አስገዝተው፣ ፍቀው፣ ቁጥሩን ጻፉለት። ዘበኛው አልተቀበለም። ያን ጊዜ ለምራታቸው ደወሉና ኬሱማው አልጠግብ ብሎኛል፣ ኬኔንም ወስዶብኛል አሉ፤ ድምፃቸውም እንደ ሌላው ቀን አልነበረም።

ደብሪቱ ይህን በሰማች ጊዜ ማሽኗን አጠፋች፤ በሩም ላይ እንዲህ የሚል አዋጅ ለጠፈች፦ «ሰምታችሁ ላልሰማ አሰሙ። ዛሬ ኮፒ የለም፤ ዘመቻ ነው። ፎርም የምትሞሉ ነገ ኑ፤ ነገ የማይሆንላችሁ በእጃችሁ ገልብጡ።»

የተከተላትም ሠራዊት ይህ ነው፤ እኔ የሺአረግ ዳቦ ተሸክሜ፤ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ሀያት፣ ኡኬ ላይ አቮካዶ ርካሽ ነው ሲባል ሰምታ፤ ባለባጃጁ ጆቴም፣ መናኸሪያ ድረስ ብቻ ሊያደርሰን ተነጋግረን ሳለ ነገሩን ሲሰማ ባጃጁን ለወንድሙ ትቶ ሚኒባሱ ላይ ከእኛ ቀድሞ የተቀመጠ። መንገዱ አንገጫገጨን፤ ዳቦው ግን በደህና ደረሰ።

በኡኬ ስንደርስ ሰው ሞልቶ አገኘን። በሬ የሞተበት ሰው ቤት እንደሚኬደው ጎረቤት ሁሉ ሊያጽናና መጥቶ፣ ወንበሩን በሙሉ ይዞ፣ ኮምፒውተሩን እያየ ከንፈሩን ይመጥጣል። ደብሪቱ አካም ቡልተን ብላ ዞራ ሁሉንም ሰላም አለች፣ ተቀመጠች፣ አይጧን፣ ማውስ የምትባለዋን፣ ጨበጠች፤ ዘበኛውንም ልታስወጣ እጇን ባነሳች ጊዜ ኦቦ ሞረዳ በከዘራቸው ጠረጴዛውን መቱ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ» አሉ፤ «ሴኒ ብዬ ያስገባሁትን ውጣ ብዬ አላባርርም። ሰው ምን ይለኛል?»

እኔ ይህን ሰምቼ ልናገር ስል ሀያት ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ደብሪቱም ለአማት መልስ አይሰጥምና አንገቷን ደፍታ ቆየች፤ ኋላ ግን ቀስ ብላ፣ «አባባ፣ እንግዳ የቀረበለትን በልቶ ይሄዳል። የባለቤቱን ጓዳ ቆልፎ ቁልፉን የሚሸጥ ምን ዓይነት እንግዳ ነው?» አለች።

ቤቱ አጉረመረመ። ያን ጊዜ ጎረቤታቸው ኦቦ ቶላ፣ የተጣላ ሁሉ የሚታረቅባቸው፣ የመሬት ክስ ያቀዘቀዙ፣ ባልና ሚስት የመለሱ፣ ተነሥተው ነገሩ በሽምግልና ይታይ፣ ዘበኛውም ሳይሰማ አይፈረድበት ብለው አዘዙ። ወንበራቸውንም በምራትና በኮምፒውተሩ መካከል አስቀመጡ። እኔ በዕድሜዬ ኮምፒውተር ለሽምግልና ሲቀርብ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ደብሪቱ ምስክር አለኝ አለች። ከቦርሳዋ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ አዲስ ፍላሽ አውጥታ ለኦቦ ቶላ ሰጠች፤ እርሳቸው ገልብጠው አዩ፣ ለኦቦ ሞረዳም አሳዩ፣ ቀደዱት። ውስጡ ባዶ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም አለች፤ ሰካችውም። ዘበኛው ወዲያው ቀላ፣ ጮኸ፤ በዚህ ፍላሽ ውስጥ ለቁጥር የሚያስቸግር በሽታ አለ ብሎ አወጀ።

ኦቦ ቶላ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሳይወለድ ታመመ?» አሉ።

ጆቴ ሳቀ፤ ሌላው ሁሉ ወደ ቤቱ ባለቤት ዞረ። ኦቦ ሞረዳ ግን ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። የከበዳቸው መታለሉ አይደለም፤ ውጣ የምትለዋ ቃል ናት። በመጨረሻም፣ ዋሽቶኛልና ይሂድ፣ ነገር ግን በቤቴ ስድብና ግፍተራ የለም፣ በወጉ ይውጣ ሲሉ ፈረዱ።

ጦርነቱም ተጀመረ። ደብሪቱ በቀኝ ስትመጣበት በቀኝ ሸፈናት፣ በግራ ስትመጣበት በግራ፤ አንዱን ሳጥን ስትዘጋ ሌላ ይፈለፈላል፤ ነገ ያለውንም ሽሮ፣ አሁን አጠፋዋለሁ እያለ በማስፈራራት ላይ ሳለ መብራት ጠፋ። ሁለቱም ወገን ዐረፉ። ዳቦውን በላን።

መብራት ሲመለስ ደብሪቱ ከሁሉ ቀድማ ቁልፎቹ ላይ ወደቀች፤ ኮምፒውተሩንም ሴፍ ሞድ በሚባለው መንገድ አስነሣችው። ይህም ማለት ቤቱ ሲነቃ ቤተኛ ብቻ ይነሣል፣ ከውጭ የገባ ተኝቶ ይቀራል። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ፊደሉም ገዘፈ፤ ዘበኛው ድምፁ የለም። ያን ጊዜ ጓዳ ጓዳውን ፈልጋ፣ ኬኔ የሚለውን ፋይል ዘበኛው በራሱ ጉያ ሸሽጎት አገኘችው፤ ወደዚያ ወደ ምስክሩ ፍላሽም ገለበጠችው። ነገር ግን ደኅና ይሁን ይበላሽ ገና አይታወቅም ነበር። ኦቦ ሞረዳ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።

ጓደኞቹን አንድ በአንድ አስወጣች። አለቃው ሲቀር ግን ከወንበሯ ተነሥታ አማቷን አስቀመጠች፤ ቤቱ የእርስዎ ነው፣ እርስዎ ይሸኙት አለች። ዘበኛውም ማስወገጃው ሲከፈት ነቅቶ፣ ልሂድ ወይ? ያለ እኔ ማን ይጠብቅዎታል? ሲል ለመነ። ኦቦ ሞረዳ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አዎ የሚለውን ተጫኑ፤ ከዚያም ተነሥተው፣ እንግዳ እንደሚሸኝ፣ እስከ በሩ ድረስ ሄዱና ባዶውን ደጅ እያዩ፣

«ነጋን ጋሊ፤ በሰላም ወደ ቤትህ ግባ» አሉ።

እኔ ያኔ በሳቅና በእንባ መካከል ሆንኩ።

ደብሪቱ የተረፈውን ጠራርጋ፣ ኮምፒውተሩን እንደ ወትሮው አስነሥታ፣ ቪዲዮውን ነካች። መጀመሪያ ጥቁር ሆነ፤ ጥቂትም ቆየ። ከዚያ አዴ ኬኔ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ታዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መረቁ። በዚያ ሳሎን የነበርን ሁላችን፣ ኦሮምኛ የምንሰማውም የማንሰማውም፣ በየመሃሉ አሜን አልን። ኦቦ ሞረዳ አሜን አላሉም፤ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው «ኬኔ» ብቻ አሉ።

እንግዲህ ለነገሥታቱ ከተማ መያዝ ይጻፍላቸው፤ ለጀግኖቹም የማረኩት ጠመንጃ ይቈጠርላቸው። ለእህቴ ለደብሪቱ፣ ለአማቷ ክብር ስትል ጠላቷን በወግ ላስሸኘች፣ ከባኬ ጃማ እስከ ኡኬ፣ በጉቶ ጊዳ ወረዳም ሁሉ፣ ለአንድ ሽማግሌ የሚስቱን ድምፅ መለሰች ይባልላት። ከዚህ የሚበልጥ ድል አለኝ የሚል ካለ ይምጣና ከእኔ ጋር ይከራከር፤ ቤት አለሁ።