የሐይቁ አሕመዲን የጠፋ አድራሻቸውን እንዳስመለሱ

ለውጥ በመጣ በአምስተኛው ዓመት፣ ጦርነቱም ሐይቅን ረግጦ ባለፈ በዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ ወርኃ የካቲት፣ መብራት በቀን ሦስት ጊዜ በሚሞትበትና በሚነሣበት ወራት፣ አሕመዲን ዘሐይቅ፣ መጋቤ ሽቦ፣ ፈዋሴ ኮምፒውተር፣ ስክሪኑ በተሰበረ ላፕቶፕ ላይ የራሳቸውን የኢሜይል ሰርቨር አቁመው በጓዳቸው ነግሠው ነበር። እንዲህም ብለው አወጁ፦ «የቤቴ ደብዳቤ በባዕድ ሣጥን አይደር! በነጻ አገኘሁ ብሎ የፈረንጅ ሣጥን የከፈተ ከደጄ አይድረስ!»

ሠራዊታቸውም ይህ ነበር፦ እናታቸው እመት መሪማ፣ እኅታቸው ሱረያ፣ ገመድ ያዋሳቸው ጎረቤታቸው ሊቀ ማራዘሚያ ሽታው፣ አንድ ድመትም።

መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የቤታቸው የኢንተርኔት ቁጥር ይለወጥ ነበርና፣ በባሕር ማዶ አንድ ስም ጠባቂ ድርጅት ይዘው ነበር፤ እርሱም የቤቱን ስም ከአዲሱ ቁጥር ጋር እያጣመረ ለዓለም ይለፍፍ ነበር። ነገር ግን በየወሩ «አለህን?» የሚል ደብዳቤ ይልካል፤ መልስ ካጣም ስሙን ይዘጋል።

ሱረያ ፋርማሲስት ነበረች። የምትሠራበት መድኃኒት ቤት በጦርነቱ ተዘርፎ ከተዘጋ ወዲህ ሥራ ፈትታ፣ ደሴ ላለ መድኃኒት ቤት አመልክታ፣ ወንድሟ ስለለመኗት የፈተናውን ጥሪ በእርሳቸው አድራሻ ትጠብቅ ነበር። ስልኳን እያየች ስትቁለጨለጭ አንጀት ትበላ ነበር።

በዕለተ ሐሙስ፣ አሕመዲን ፕሪንተር ሊጠግኑ ወደ ውጫሌ በዘመቱበት፣ እመት መሪማ ጎረቤቱን ሰብስበው ለዚያው ደብዳቤ ዱዓ አስደረጉ። ዱዓው ሊጀመር ሲልም አወጁ፦ «ያ ጀማዓ! ዱዓ ተቀምጠን ይሄ ምን ይብለጨለጭብናል? ንቀሉልኝ! አላህ የልጄን ደብዳቤ በሰላም ያድርስልኝ!» ሽታውም «አሚን» ብሎ ሰርቨሩ የተሰካበትን የገዛ ገመዱን ነቀለ። ደብዳቤው ይግባ ተብሎ በሩ ተዘጋ። በዚያው ሰዓት የስም ጠባቂው የወሩ ደብዳቤ መጣ፤ በሩን ዝግ ቢያገኘው ተመለሰ፤ ስሙም ተዘጋ።

ወእምዝ አሕመዲን ከዘመቻ ተመልሰው ሰርቨሩን ቢሰኩት፣ ቁጥሩ ተለውጧል፣ ስሙም የለም። ስሙን ለማስከፈት ደብዳቤውን መቀበል ያሻል፤ ደብዳቤውን ለመቀበል ስሙ መከፈት ያሻል። ሱረያ አለቀሰች። የእኅታቸውም ዕንባ ኩራታቸውን አሸነፈውና፣ ዓርብ ከጁምዓ መልስ፣ ኃያሉ በራቸውን ቀርቅረው፣ ያን ያወገዙትን የፈረንጅ ሣጥን በእናታቸው ስም ከፈቱ። የስም ጠባቂውን ደብዳቤ በዚያ አስልከው «አለሁ» አሉ፤ ስማቸውም ተመለሰ። ከደሴ የተላከው ጥሪ ከሐሙስ ጀምሮ እየተመላለሰ ሲያንኳኳ ነበርና ማምሻውን ገባ፦ ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት፣ በሁለት ሰዓት!

እመት መሪማም አወጁ፦ «ዱዓው ነው ያመጣው! ማንም እንዳይከራከረኝ!»

ሱረያም ተፈትና ተቀጠረች፤ በቅጥር ቅጹ ላይ ኢሜይል በሚለው ቦታ የእናቷን አድራሻ ጻፈች።

ክብር ለአሕመዲን ዘሐይቅ፣ በሚኒባስ አርባ ደቂቃ የሚፈጀውን የደሴ ደብዳቤ፣ ባሕሩንና የብሱን ሁሉ አዙረው፣ በአንድ ቀን ተኩል ብቻ ከእኅታቸው እጅ ላደረሱ ጀግና! ዝናቸው ከአምባሰል ተራራ ይግዘፍ፣ ዘመናቸውም ይርዘም፣ መብራት እስኪሄድ ድረስ።