ኃላፊው ኦንላይን ናቸው

[ቦንጋ፣ 2008 ዓ.ም። የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል። ብርቄ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ማዕረግ የኮምፒውተር ባለሙያ። ሚስቱ ሐዋሳ ስለወለደች ዝውውር ይፈልጋል። ለኃላፊው ለጋሽ ደጉ የሚቀርበው ማመልከቻ የሚዘጋው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ አሁን አሥር ተኩል ሆኗል።]

ማዕረግ፦ ወረቀት አልጽፍም አልኩ እኮ! በቫይበር ልኬዋለሁ!

ብርቄ፦ ቁጥር አለው?

ማዕረግ፦ የምን ቁጥር?

ብርቄ፦ ቁጥርና ቀን ነዋ። ማህተምስ?

ማዕረግ፦ ቫይበር ላይ ማህተም ይመታል እንዴ? ስልኩ ይሰበራል!

ብርቄ፦ ቀስ አድርጎ ለሚመታ አይሰበርም።

ማዕረግ፦ [ጣሪያ ጣሪያውን እያየ] አምላኬ፣ ስድስት ዓመት ከነማን ጋር አኖርከኝ! ይስሙኝ፣ እትዬ ብርቄ። መልእክቱ ከእኔ ሲወጣ «ሴንት» ይላል። ጋሽ ደጉ ስልክ ላይ ሲገባ «ዴሊቨርድ» ይላል።

ብርቄ፦ ማን ፈርሞ ተረከበ?

ማዕረግ፦ ማንም አይፈርምም!

ብርቄ፦ ታዲያ ኃላፊው አልደረሰኝም ቢሉስ?

ማዕረግ፦ አይሉም! ከፍተው ሲያዩት «ሲን» ይላል። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ሲን ብሏል። እንደ እርስዎ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቀን አይተኛም።

ብርቄ፦ አይቶ ዝም የሚል ሰው የለም?

ማዕረግ፦ ኧረ እርስዎን ከዘመኑ ጋር ምን አጣላዎት! ይመልከቱ፣ ከስማቸው ሥር «ኦንላይን» ይላል።

ብርቄ፦ ምን ማለት ነው?

ማዕረግ፦ አሉ ማለት ነዋ፣ አሉ!

ብርቄ፦ ካሉማ ቢሯቸው ሁለተኛው በር ነው። ሄደህ አታንኳኳም?

ማዕረግ፦ ማንኳኳት! ቴክኖሎጂ የመጣው ሰው በር ለበር እንዳይዞር ነው!

ብርቄ፦ በሩ እኮ ከትናንት ጀምሮ ተቆልፏል። ጋሽ ደጉ ወደ ቢታ ገነት...

ማዕረግ፦ አያቋርጡኝ! በሩን ልመን ስልኩን?

[ማዕረግ ሌላ መልእክት ይልካል። የብርቄ መሳቢያ ድርር ይላል። ብርቄ ከፈት አድርጋ እጇን ታስገባለች።]

ማዕረግ፦ [እየዘለለ] ሲን! አዩት! አላልኩም?

ብርቄ፦ እውነትም ፈጣን ነው።

ማዕረግ፦ ምን ያደርጋል፣ ለእርስዎ ማስረዳት ውሃ መውቀጥ ነው። እርስዎንማ ማንኪራ ጫካ ወስዶ ቀፎ ማስጠበቅ ነበር።

ብርቄ፦ ቀፎም አዋቂ ይፈልጋል።

[ብርቄ እጇን ከመሳቢያው ሳታወጣ በነጠላዋ ጫፍ የሆነ ነገር ትጠርጋለች።]

ማዕረግ፦ ታይፒንግ! ታይፒንግ ይላል! እየጻፉልኝ ነው!

ብርቄ፦ አቧራ እየጠረጉ ይሆናል።

ማዕረግ፦ [ስልኩ ላይ አፍጥጦ] አሁን ደግሞ ተዉት። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው፣ ምነው ዝም አሉ? ዛሬ ካልፈቀዱልኝ አንድ ዓመት ቀረሁ ማለት እኮ ነው!

ብርቄ፦ [ከመሳቢያው ስልክ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች] ጋሽ ደጉ ትናንት ቢታ ገነት ለመስክ ሲሄዱ «ኔትወርክ የለም፣ አስቀምጪልኝ» ብለው ሰጥተውኝ ነው። ሲን ስትል የዋልከው እኔን ነው።

ማዕረግ፦ [ክው ይላል] ታዲያ ለምን አይነግሩኝም!

ብርቄ፦ ስጀምር አያቋርጡኝ አልከኝ። ደግሞም እያነበብኩ ነበር። [መነፅሯን ታደርጋለች] «ክቡር ኃላፊ፣ ማመልከቻዬን በቀጥታ የላክሁት መዝገብ ቤት ያሉት ሴትዮ ደንቆሮ ስለሆኑ ነው።»

ማዕረግ፦ እትዬ... እሱን ስልኩ ራሱ ነው የጨመረው።

ብርቄ፦ ደንቆሮ የሚለውን? የተማረ ስልክ ነው።

ማዕረግ፦ እግርዎ ላይ ልውደቅ! ልጄን ያየሁት በፎቶ ብቻ ነው። አሁን ማን ይፈርምልኛል?

ብርቄ፦ ጋሽ ደጉ የወከሉት ገብረወልድን ነው፤ ማዶ ቢሮ ተቀምጧል። በወረቀት ጻፍ፣ ቁጥር እሰጥሃለሁ፣ ይፈርማል። እንካ ወረቀት። አሥር ደቂቃ አለህ።

ማዕረግ፦ [ኪሶቹን ሁሉ እየበረበረ] እስክሪብቶ! እትዬ ብርቄ፣ በማርያም፣ እስክሪብቶ!

ብርቄ፦ [እስክሪብቶዋን ጨብጣ ወንበሯ ላይ ደገፍ ትላለች] ልኬልሃለሁ እኮ። ዴሊቨርድ እስኪል ጠብቅ።