የዘጠነኛው ቅጽ ምሥጢር

ክላይቭ፦ ካባ ነው አልኩህ እኮ! የቤት ልብስ አይደለም።

ዴሪክ፦ እኔ ምን አልኩ? ሞሪን አንድ መጋረጃ ጠፋብኝ ትል ነበር ነው ያልኩት።

ክላይቭ፦ የሰሜን ዘብ ካባ ነው! ሦስተኛው ቅጽ፣ ምዕራፍ አሥራ አንድ። «አረንጓዴ፣ ጫፉ ላይ የብር ቅጠል የተጠለፈበት» ይላል።

ዴሪክ፦ የኛም መጋረጃ እንደሱ ነው።

(ነገሩ የሆነው እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሸር ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ መጻሕፍት መደብር ፎቅ ላይ፣ ደራሲዋ ሄስተር ዎርምዌል ለአንባቢዎቿ ልታነብና ልትፈርም በምትመጣበት ቀን ነው። ክላይቭ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ካባውን ለብሶ፣ የደራሲዋን ስምንት ቅጽ ልብ ወለድ በጎማ በሚጎተት የአስቤዛ ቦርሳ ሞልቶ ይዞ መጥቷል። ዘጠነኛውን ሲጠብቅ ስድስት ዓመት ሆነው። ዴሪክ የእህቱ የሞሪን ባል ነው፤ ዕድሜውን በቧንቧ ሥራ የጨረሰ ሰው። የክላይቭ ዐይን ለመንዳት ስለማይበቃ ሞሪን «አድርሰው» ብላ ላከችው። ውጭ ዝናብ ላይ ተሰልፈው ሲጠብቁ ዴሪክ አንድ ፔርሙዝ ሻይ ብቻውን ጨርሷል።)

ዴሪክ፦ (መጽሐፉን ገልጦ) ይቺ ካርታ የየት አገር ናት?

ክላይቭ፦ የኦርዳን።

ዴሪክ፦ ኦርዳን በየት በኩል ነው?

ክላይቭ፦ በየትም በኩል አይደለም። ደራሲዋ ከጭንቅላቷ ያወጣችው አገር ነው።

ዴሪክ፦ ታዲያ ካርታው ምን ይሠራል? ማን ሊሄድበት ነው?

ክላይቭ፦ አንባቢ መንገድ እንዳይጠፋበት ነዋ!

ዴሪክ፦ (ካርታውን ወዲያና ወዲህ አዙሮ) ሰው በሌለ አገር እንዴት ይጠፋል?

ክላይቭ፦ ሠላሳ አምስት ዓመት ካርታ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አንተ ካርታ አታስተምረኝ።

ዴሪክ፦ እሺ። ክላይቭ፣ ሽንቴ መጣ።

ክላይቭ፦ ቻለው።

ዴሪክ፦ ከጠዋት ጀምሮ ስችል ነው የቆየሁት።

ክላይቭ፦ ፊት ለፊት ለመቀመጥ ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፈን፣ አሁን ተነሥተህ ወንበር ልታስወስድ ነው? ቻለው ብዬሃለሁ። ዝም በል፣ መጣች!

(ሄስተር ዎርምዌል ገባች። ክርኑ ላይ የሳሳ ሹራብ የለበሰች፣ ዐይኗ ድካም ያለበት ሴት ናት። ሁለት ገጽ አነበበች፤ ተጨበጨበ። የመደብሩ ሠራተኛ ድምፅ ማጉያ ይዛ «ጥያቄ ያለው?» ከማለቷ ክላይቭ ቆሞ ነበር።)

ክላይቭ፦ እመቤቴ፣ በሁለተኛው ቅጽ የንጉሥ ብራንዶር ሰይፍ ሦስት ዕንቁ ነበረው። በአምስተኛው አራት ሆኗል። በእኔ ግምት አራተኛው ዕንቁ የሟች ወንድሙን ነፍስ ይወክላል። ይህን ከሰሜኑ ነፋስ አቅጣጫ ጋር ስናያይዘው...

(አያያዘው። ነፋሱን ከባሕሩ፣ ባሕሩን ከትንቢቱ፣ ትንቢቱን እንደገና ከዕንቁው። ዘጠኝ ደቂቃ ሄደ። ዴሪክ እግሩን በእግሩ ላይ አነባብሮ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።)

ሄስተር፦ ተሳስቼ ነው።

ክላይቭ፦ እንዴት ማለት?

ሄስተር፦ ቆጠራ ተሳሳትኩ። ሦስት ናቸው። ይቅርታ።

(ክላይቭ ተቀመጠ። ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ «አራተኛው ዕንቁ፦ ምሥጢሩን ደበቀችን» ብሎ ጻፈ። ይሄኔ ዴሪክ ነገሩ ሁሉ ከዐቅሙ በላይ ሆነበትና ሠራተኛዋን ለመጥራት እጁን አወጣ። እሷም ድምፅ ማጉያውን አስጨበጠችው።)

ዴሪክ፦ ይቅርታ እመቤቴ። ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?

(አዳራሹ ሁሉ ዞሮ ዴሪክን አየ።)

ክላይቭ፦ (በጥርሱ መሀል) ገደልከኝ።

ሄስተር፦ (የውሃ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች) ይህን ጥያቄ ሃያ ሁለት ዓመት ስፈራው ኖሬያለሁ።

ዴሪክ፦ እኔ ከጠዋት ጀምሮ ነው።

ሄስተር፦ እውነትዎን ነው። በመጽሐፌ፣ ካርዶም ግንብ ውስጥ አራት ሺህ ሰው ተከቦ ተቀምጧል። አልጋ ሰጠኋቸው፣ ዳቦ ሰጠኋቸው፣ መዝሙር እንኳ ሰጠኋቸው። ሽንት ቤት ግን አልሠራሁላቸውም።

ዴሪክ፦ አንድም?

ሄስተር፦ አንድም።

ዴሪክ፦ (የራሱን ጭንቀት ለአፍታ ረስቶ) አራት ሺህ ሰው! ኧረ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!

(ጭብጨባ። ከኋላ አንድ ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ።)

ሄስተር፦ ሥራዎ ምንድን ነው?

ዴሪክ፦ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ግን እመቤቴ፣ እኔ የጠየቅኩት የዚህን ቤት...

ሄስተር፦ ቧንቧ ሠራተኛ! እባክዎ ከፊርማው በፊት እንዳይሄዱብኝ።

ዴሪክ፦ ተመልሼ እመጣለሁ። አሁን ግን ካልሄድኩ ለሁላችንም አይበጅም።

(ሠራተኛዋ ወደ ምድር ቤት ጠቆመችው፤ ከምግብ አሠራር መጻሕፍቱ ጀርባ። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። የፊርማው ሰልፍ ደረጃውን ሞልቶ ወርዷል፤ ዴሪክን ግን ደራሲዋ ራሷ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችው። ክላይቭም «አብረን ነን፣ አብረን ነን» እያለ ቦርሳውን እየጎተተ ተከተለ።)

ሄስተር፦ ይምከሩኝ። ግንቡ ዐለት ላይ ነው። በሩ አንድ ነው፤ እሱንም ጠላት ይዞታል። እንዴት እንደማስወጣቸው ጠፍቶኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ዴሪክ፦ ውሃ አላቸው?

ሄስተር፦ ውስጥ ምንጭ አለ።

ዴሪክ፦ እንግዲህ የገባ ውሃ መውጣቱ አይቀርም። አራት ሺህ ሰው የሚያስተናግድ የፍሳሽ ቱቦ ደግሞ ጠባብ አይሆንም። ሰው ጎንበስ ካለ ያልፍበታል።

ሄስተር፦ (ብዕሯ ከእጇ ወደቀ) በፍሳሹ...

ዴሪክ፦ ይሸታል። ግን ያስወጣል።

ክላይቭ፦ እመቤቴ፣ ይህ ሰው እኮ ካርታውን እንጂ አንዲት ገጽ አላነበበም! ንግሥት ኢልሜራ፣ የሰባት ነገሥታት ልጅ፣ በፍሳሽ ቱቦ?

ሄስተር፦ እርስዎ የዕንቁው ሰውዬ ነዎት አይደል?

ክላይቭ፦ (ካባውን አስተካክሎ) አዎን፣ እኔው ነኝ።

ሄስተር፦ እግዜር ይስጥልኝ። (ስምንቱንም ቀና ሳትል ፈረመችለት) ባለቧንቧው፣ ጠጋ ይበሉ። ከወጡ በኋላ ያለውን ደግሞ ልንገርዎት።

(በጆሮው ታንሾካሹክለት ጀመር። ዴሪክ ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ጊዜ ብቻ ጮክ ብሎ «ኧረ እሷስ አትሙት!» አለ። ሄስተር ጥቂት አሰበችና ወረቀቷ ላይ አንድ መስመር ሰረዘች። ክላይቭ አንገቱን እስከቻለው ድረስ አሰገገ፤ ከዚያ በላይ ግን አልሰማም። ቀትር ላይ ወጥተው መኪና ውስጥ ገቡ።)

ክላይቭ፦ «እሷ» ማን ናት?

ዴሪክ፦ የቷ?

ክላይቭ፦ አትሙት ያልክላት!

ዴሪክ፦ ለማንም ላልናገር ቃል ገብቻለሁ።

ክላይቭ፦ እኔ ማንም ነኝ? የሚስትህ ወንድም!

ዴሪክ፦ «በተለይ ለባለካባው» ብላኛለች።

(ዝናቡ የመኪናውን መስታወት ይደበድባል። ክላይቭ የካባውን ጫፍ ሰብስቦ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ቀጥሎ ሲናገር ድምፁ የመምህር ድምፅ አልነበረም።)

ክላይቭ፦ መቼ ይወጣል አለች?

ዴሪክ፦ ቱቦው ስለተገኘ፣ በሦስት ዓመት።

ክላይቭ፦ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ ዴሪክ። ያን ሁሉ የለፈለፍኩት ስለ ዕንቁ ብዬ አልነበረም። «ከመሞቴ በፊት ይደርስልኛል ወይ?» ብዬ ልጠይቃት ነበር የተነሣሁት። አፈርኩ።

ዴሪክ፦ እኔ ያን ሁሉ ሰው ፊት ሽንት ቤት ጠይቄ አላፈርኩም።

ክላይቭ፦ አይቻለሁ።

ዴሪክ፦ (ትንሽ ከነዳ በኋላ) በቃ፣ ልትሞት ስትል አስጠራኝ። እነግርሃለሁ።

ክላይቭ፦ ቃልህ ነው?

ዴሪክ፦ ቃሌ ነው። እስከዚያ ግን በአፌ አይወጣም።

(ጥቂት ተጓዙ።)

ክላይቭ፦ (ደረቱን ጨብጦ) ዴሪክ... እዚህ ጋ... ወጋኝ።

ዴሪክ፦ ሐኪም ቤቱ ከፊታችን ነው።

ክላይቭ፦ አልደርስም... ብቻ እሷ ማን እንደሆነች...

ዴሪክ፦ (ወደ ሐኪም ቤቱ እየታጠፈ) ትደርሳለህ። ሐኪሙ አይቶህ «ይህ ሰው አይተርፍም» ብሎ ፈርሞ ይስጠኝ፤ እዚያው አልጋው ላይ ሁሉንም እነግርሃለሁ።

ክላይቭ፦ (ደረቱን ለቀቀ፤ ካባውን አስተካከለ) ተወው። ወደ ቤት ንዳ።