በሬው በሚያውቀው ቋንቋ

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለውን ተረት እንደ ሕግ ይዤው ኖርኩ። ሰው ሁሉ እንደ እኔ ቆጥቦ ቢናገር ጠቡም ሽምግልናውም ይቀንስ ነበር። ተረቱን ያወጣው ሰውዬ ግን አራት ዓመት ሞልቶት አንድ ቃል ከአፉ ያልወጣ ልጅ አልነበረውም መሰለኝ። እናንተስ? ካላችሁ እንቅልፋችሁን አውቀዋለሁ።

የእኔው ናኦል ኦቲዝም አለበት። የምንኖረው ወለጋ፣ ጊዳ አያና ነው፤ እኔ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ፣ እናቱ ጫልቱ ኦሮሞ ናት። መካሪ መቼ ጠፍቶ! «ሁለት ቋንቋ አደናግሮት ነው» አሉን። ታላቅ እህቴ እታገኝማ ከደሴ ደውላ ቆረጠችው፦ «እኔ ዘንድ ይምጣና በአማርኛ ብቻ አፉን ይፍታ። መንገዱ ሰላም ሲሆን መጥቼ እወስደዋለሁ።» ጫልቱ ይህን ከሰማች ወዲህ ልጇን በገዛ ቋንቋዋ እሹሩሩ ማለት ፈራች። ቤቱ ጭር አለ።

ነቀምቴ ወስደን ያሳየናት ባለሙያ ግን ሌላ ነገረችን። «ሁለቱም ቋንቋ አይጎዳውም። በሚወደው ነገር አነጋግሩት፤ ቃሉን ደጋግማችሁ አሰሙትና ዝም ብላችሁ ጠብቁት።»

አነጋግሩት! እኔ? እኔ የማነጋግረው በሬ ነው።

ደግነቱ ናኦልም የሚወደው በሬ ነው። እርሻ ይዤው ወረድኩ። አንዱ በሬዬ ቦራ እኛው ቤት ስላደገ «ሂድ» ሲሉት ይሄዳል። ሁለተኛውን፣ ዲማን፣ የገዛሁት ከጫልቱ አባት ነውና በኦሮምኛ «ዴሚ» ካላሉት ንቅንቅ አይልም። አንድ ቀንበር፣ ሁለት ቋንቋ፤ ትልሜ ግን ተጣሞ አያውቅም። በሁለቱም እየጮኽኩ አርሳለሁ፤ ትልም ጫፍ ስደርስ ቆሜ ልጁን እጠብቃለሁ።

«ያ አባ ናኦል! በሬው ተኛብህ እንዴ?» ይለኛል የሚያልፈው ጎረቤት።

ሰማዩ ይጠቁራል። እጠብቃለሁ።

እታገኝ መጣች። የልጁን ልብስ ቋጥራ፣ በሬዎቹን ሊሰናበት ወደ ወረደበት እርሻ ከጫልቱ ጋር ተከተለችን። ትልም ጫፍ ቆምኩ። ጠበቅኩት።

«ዴሚ» አለ ናኦል።

ዲማ ቦራን እየጎተተ ሄደ። ጫልቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ምን አለ?» አለች እታገኝ።

«በሬውን ሂድ አለው።»

«በኦሮምኛ?»

«በሬው በሚያውቀው፣ እትዬ።»

«እኔ ደሴ ላይ በሬ ከየት አመጣለሁ?» አለችና ቋጠሮውን ፈታችው።

ይኸው ጎረቤት ዘርቶ ጨርሷል፤ እኔ ገና እያረስኩ ነው። ዲማ ከዚያ ቀን ወዲህ የእኔን «ዴሚ» ከምንም አይቆጥረውም፤ የናኦልን ይጠብቃል። ናኦል ደግሞ የሚናገረው ሲፈልግ ብቻ ነው። በዚህ እንኳ አባቱን ነው የመሰለው።