የባለ መቶ ሠላሳ ስምንቱ መዳፍ

የጭንቅላቱን ልክ፣ እንደ ጫማ ቁጥር፣ በቃሉ የያዘ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ደረሰ ይባላል፤ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። በስልኩ የአእምሮ ብቃት ፈተና ወስዶ መቶ ሠላሳ ስምንት አምጥቷል። ሰላም ብሏችሁ ቁጥሯን ሳያነሳ አይለያችሁም። ልፈርድበት አልችልም፤ "ጭንቅላት ያለው ሰው ወድቆ አይቀርም" እያልሁ ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

ዲግሪውን ይዞ ሦስት ዓመት ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። ዘንድሮ ሰሊጥ ሲደርስ መተማ በረሃ፣ ሸሕዲ ከተማ መጥቶ አጫጆች ከሚቀጠሩበት አደባባይ ተሰለፈ። እንዴት ሆኖ መጣ መሰላችሁ? ሸሚዙን ተኩሶ፣ እጁን በሳሙና ፈትጎ፣ ቅባት ተቀብቶ። ለቃለ መጠይቅ ነዋ።

አጫጅ የሚመርጠው ካቦ ነጥብ ምን ያደርግለታል? የሁሉንም መዳፍ እየዳበሰ መጣ። ደረሰ ስልኩን ሲዘረጋለት፣ "እጅህን ነው ያልሁህ" አለው። ዳበሰው። "ይኼ አጭዶ አያውቅም" ብሎ አለፈው።

ቀጥሎ የቆመውን ሰው መዳፍ ሲነካ ግን ፊቱ ፈካ። "ይኼ ነው እጅ። መኪናው ላይ ይውጡ።"

ወጣሁ። ደሞዜ ወር አላደርስ ካለኝ ወዲህ ሦስተኛ አጨዳዬ ነው። ደረሰ ከታች ቀና ብሎ አየኝ።

"መምህር፣ እርስዎስ ስንት ነበር ያመጡት?"

መዳፌን ኪሴ ውስጥ ደበቅሁት።