ሲነሳ ብዙ ይበላል

መብራት ሲጠፋ እንደ ማንም ቤት በጨለማ መቀመጥ ለዚህ ታላቅ ቤት እንደማይመጥን የታወጀው፣ እዚያው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ነው። አዋጁን ያሰሙት አባወራው ናቸው። በጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚሰበስቡት ሰው ቢያጡ ሚስታቸውን፣ ልጃቸውንና ወላጅ እናታቸውን ይሰበስባሉ። “ሰብሳቢው” የሚለውንም ስም ያወጡላቸው እናታቸው ናቸው።

ነገሩን ያመጡትም እኚሁ እናት፣ እማማ፣ ናቸው። የስኳር መርፌ መድኃኒታቸው የሚቀመጠው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ከሞቀ ተበላሸ፤ ከተበላሸ እሳቸውም አለቀላቸው።

“ፍሪጁንና አንድ አምፑል የሚችል ጄኔሬተር ግዛልኝ፤ እንደ ጎረቤታችን እንደ ልብስ ሰፊዋ” አሉ።

ሰብሳቢው ደነገጡ። “እማዬ፣ ይህ በዘፈቀደ የሚገዛ ነገር ነው እንዴ? ጥናት ይፈልጋል!”

ለጥናቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠራ። ሳሎን ተቀመጠና አንዲት ቃል ተነፈሰ፤ ምነው አፉን በያዘው!

“ሞተር ያለው ዕቃ ሲነሳ ብዙ ኃይል ይበላል። ከተነሳ በኋላ ይረጋጋል።”

ሰብሳቢው ቃሏን እንደ ሹመት ተቀበሏት። “ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢነሳስ?”

“እንኳን በአንድ ጊዜ...”

“ቢነሳስ ነው የምልህ!”

“ከተነሳማ ጌታዬ፣ ትልቁ ነው የሚያዋጣዎት” አለ ሠራተኛው። የትልቁ ሻጭ የሚስቱ ወንድም መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው።

“አባዬ፣ በየተራ ብናበራቸውስ?” አለች ልጅቱ።

“በእኔ ቤት ወረፋ የሚጠብቅ ሶኬት የለም!”

እናም የቤቱ ዕቃ ሁሉ በክብር እየተጠራ ታየ። ፍሪጁ ይነሳል፣ የውሃ ፓምፑ ይነሳል፣ ልብስ ማጠቢያው ይነሳል። ካውያው ይነሳል ሲባል ሚስትየው አላስችላት አለ።

“ካውያ ምን ሞተር አለውና ይነሳል?”

“ከማን አንሶ ነው የማይነሳው?” አሉ ሰብሳቢው። ካውያውም አለፈ። በመጨረሻም የማያዳግም ውሳኔ ተሰጠ፤ በዚህ ስብሰባ ያልጸደቀ ዕቃ ሶኬት ላይ እንዳይሰካ።

ጄኔሬተሩ አጥር አፍርሶ ገባ። አንድ ሆቴል ከነእንግዶቹ የሚያበራ ጉድ ነው። ከእማማ መስኮት ሥር ተገተረና ፀሐያቸውን ከለለባቸው።

“ይሄ ለፍሪጄ ነው ወይስ ለሐውልቴ?” አሉ።

ሰብሳቢው ግን በየጊዜው እየወጡ ይጎበኙታል። አንድ ቀን ሲዞሩ ከጄኔሬተሩ ጎን አንዲት ትንሽ ሳጥን አዩ፤ ሽቦዋ የግድግዳው ሶኬት ላይ ተሰክቷል።

“ይቺን ማን አጸደቃት?”

ማንም አላጸደቃት። በገዛ እጃቸው ነቀሏት። ሕግ ሕግ ነው።

ከዚያ የተጠበቀው ቀን ደረሰ፤ በጠራራ ፀሐይ መብራት ጠፋ። ሰብሳቢው ኮታቸውን ለበሱ። ቤተሰቡን ጄኔሬተሩ ፊት አሰልፈው ስለ አርቆ አሳቢነት ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ከዚያ ቁልፉን ተጫኑ።

“ጢቅ” አለ።

ደግመው ተጫኑ። “ጢ” አለና ያቺንም ዋጣት።

ለሠራተኛው ስልክ ተደወለ። “ባትሪው አልቆ ይሆናል። መሙያዋ ሳጥን ተሰክታለች አይደል?”

“አልጸደቀችም ነበር” አሉ ሰብሳቢው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

“አሁን ይሰኳታ!”

“በየትኛው መብራት?”

“እሱ እስኪመጣማ መጠበቅ ነው።”

ለካ ካውያው ሳይቀር ሲነሳ ምን እንደሚበላ ሲጠና፣ የጄኔሬተሩን የራሱን መነሻ የጠየቀ አልነበረም።

ሚስትየው ከወጥ ቤት ጮኸች፤ “ኧረ ፍሪጁ ውሃ እያንጠባጠበ ነው!” እማማ መድኃኒታቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄዱ። እዚያ የጫማ ካርቶን የምታህል ጄኔሬተር በረንዳ ላይ ትንጫጫለች። መድኃኒቱ ፍሪጅ ገባ፤ እማማም አረፍ አሉ።

ብዙም አልቆየ፤ ሰብሳቢው ከነኮታቸው ከች አሉ። ባትሪውን እንደ ሕፃን አቅፈዋል፤ ያልጸደቀችው ሳጥን በብብታቸው ናት።

“እትዬ፣ ባትሪውን ለጥቂት ጊዜ ከእርስዎ ብንሞላው...” አሉ።

“ኧረ ይምጣ፣ ምን ችግር አለው” አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሳቋን በምትሰፋው ጨርቅ ሸፍና። ወንበርም ሰጠቻቸው።

ያ አጥር ያፈረሰ ጉድ ከካርቶኗ መጥባት ጀመረ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ በቤተሰቡ ስም ምስጋና ሊያቀርቡ ብድግ ሲሉ እማማ የኮታቸውን ጫፍ ያዙ።

“ተቀመጥ ልጄ” አሉ። “አንተ ነህ ስትነሳ ብዙ የምትበላው። የሰው ጄኔሬተር እንዳታቃጥል።”