የመጀመሪያው እራት ወይስ ሁለተኛው?

ባለፈው ሳምንት ሰኞ እኅቴ ገነት እዚሁ ከወንዙ ማዶ ካለችው አሌክሳንድሪያ ደወለችልኝ። ከባሏና ከልጆቿ ጋር በትልቅ መርከብ ለሽርሽር ሊሄዱ ነው። ፎርም እየሞላች ኖሮ አንድ ጥያቄ ላይ ቆማለች። «እራት የመጀመሪያው ዙር ወይስ ሁለተኛው ይላል። አንቺ ሄደሽበት የለ? የቱ ይሻላል?» አለችኝ። እኔም ምድጃ ላይ የጣድኩት አለ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም። ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ይህ ደግሞ ምን ያስዋሻል ትሉ ይሆናል። ለእናንተ ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ስሸሸው ኖሬያለሁ። ዛሬ ልንገራችሁ። ፊት ለፊት ተቀምጠን ቢሆን አልነግራችሁም ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይነ አፋር ነኝ። ስጽፍ ግን ማንም አያየኝም።

በመርከብ ላልሄዳችሁ ላስረዳ። ሰዉ ብዙ ስለሆነ የምግብ አዳራሹ ሁሉንም አንድ ላይ አይችልም። ስለዚህ እራት በሁለት ዙር ይበላል። የመጀመሪያው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሁለተኛው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አንዱን ትመርጣላችሁ፤ ከዚያ እስክትመለሱ ድረስ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ወንበር፣ ያው አስተናጋጅ ነው። ለእኛ ሰው ይህ ከባድ ነው። አሥራ አንድ ተኩል እራት ነው እንዴ? መክሰስ ነው እንጂ። ደግሞስ እዚህ አገር የሠርግ ጥሪያችን ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ከተባለ ሙሽሮቹ የሚገቡት ሁለት ሰዓት አይደል? አንድ ዊተን የሚኖር ወዳጃችን በጥሪው ሰዓት ደርሶ ወንበር ሲያስደረድሩት እንዳመሸ እስከ ዛሬ ያወራል። መርከብ ላይ ግን በሩ ይዘጋል።

ከዋናው ነገር እየሸሸሁ ነው። ይኸው ተመለስኩ።

አባባ ያኔ ከእኛ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖሩ ነበር። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ ኮታቸውን ሳይለብሱ ቁርስ እንኳ አይቀርቡም። ስኳር ነበረባቸው። እኔ ደግሞ ፋርማሲስት ነኝ። ክኒናቸውን በየቀኑ የምሰጣቸው እኔ ነበርኩ። ይህን ያዙልኝ።

አባባ ምግብ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ «በቃኝ» ይላሉ። ርቧቸውም ቢሆን። «በሞቴ» ስትሏቸው «ኧረ ጠግቤያለሁ» ይላሉ። ሁለተኛ «በሞቴ» ስትሉ እጃቸውን ይሰዳሉ። ሲቀርብ ዘሎ መብላት ነውር ነው ተብለው ነው ያደጉት። ሰው ሲጋብዙም እንዲሁ ናቸው፤ እምቢታ የሚባል ነገር አይሰሙም።

አንድ እሑድ የሥራ አለቃዬን ሊንዳን ቤት ጠራኋት። አንድ ሳህን በልታ «ኖ፣ ታንክ ዩ» አለች። አባባ «በሞቴ» አሏት። ምን እያሉኝ ነው? ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሞኟ ቃል በቃል ነገርኳት፤ ካልበላሽ እኔ ልሙት እያሉሽ ነው አልኳት። ሊንዳ ደነገጠች። ሕመምተኛ መሆናቸውንም ታውቃለች። ሁለተኛ ሳህን በላች። ሦስተኛ በላች። እያላባት፣ በየመሀሉ አባባን ሰረቅ አድርጋ ታያቸዋለች፤ በሕይወት መኖራቸውን ለማረጋገጥ ይመስለኛል። በማግስቱ ደውላ አሞኛል ብላ ከሥራ ቀረች። መድኃኒት ቤቱ አንድ ወር ሙሉ ሳቀ። ሌላ ሰው ቢሆን አብሮ ይስቅ ነበር። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

እንግዲህ በዚያው ዓመት ነው ሊንዳ ቤተሰቦቻችንን ይዘን አብረን በመርከብ እንሂድ፣ አንድ ጠረጴዛ እንይዛለን ያለችኝ። አለቃ ናት፤ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። ለእኔ፣ ለባለቤቴ፣ ለልጆቻችንና ለእነሊንዳ ሁለተኛውን ዙር። ለአባባ የመጀመሪያውን። ለብቻቸው።

«አባባ፣ ለስኳሩ በጊዜ መብላት ይሻልዎታል» አልኳቸው። ፋርማሲስት ስትናገር ማን ይጠራጠራል? «አንቺ ካልሽ» አሉኝ። ባለቤቴም አመነኝ። ገነትማ፣ እኔ ይህን መቼ አስበው ነበር ብላ መረቀችኝ።

መርከቡ ላይ ቁርስና ምሳ አብረን ነበርን። ሳህናቸውን የምሞላውም፣ በሞቴ የምለውም እኔ ነኝ። ወደ ማታ ግን ኮታቸውን ለብሰው፣ ክኒናቸውን ውጠው፣ ብቻቸውን ወደ አዳራሹ ይወርዳሉ። ሲመለሱ «አባባ፣ እራት እንዴት ነበር?» እላቸዋለሁ። «ተመስገን፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው» ይሉኛል። በላሁ ግን አላሉኝም። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

በአራተኛው ቀን፣ ሊንዳ ስለ ውሻዋ እያወራች እኛ እየበላን ሳለ ተጠራሁ። አባባ የክፍላቸው በር ላይ ወድቀው ተገኝተዋል። ላብ አጥምቋቸዋል። ስኳራቸው ወርዶ ነበር። የመርከቡ ሐኪም ጭማቂ እያጠጣቸው፣ እራት በልተዋል? አለኝ። በሙሉ ልቤ፣ አዎ፣ በመጀመሪያው ዙር በልተዋል አልኩት።

ነፍሳቸው መለስ ሲል ምን ቀርቦላቸው እንደነበር ልጠይቅ ብዬ አስተናጋጃቸውን ፈለግሁት። ደግ ሰው ነበር። እንደሳቸው ያለ ጨዋ አስተናግጄ አላውቅም አለኝ። ሳህኑን ሳቀርብላቸው ፈገግ ብለው «ኖ፣ ታንክ ዩ» ይሉኛል፣ እኔም አነሳዋለሁ አለ። ከዚያ ሳህኑን ይዤ ስሄድ በዓይናቸው ይሸኙኛል አለ። ጾም ላይ መስለውት ነበር። አራት ማታ። ክኒኑን ውጠው፣ ሻይ ጠጥተው፣ አንዳንዴም ዳቦ ቆርሰው ይመለሱ ነበር። ያ ክኒን ካልበሉበት ስኳር ያወርዳል፤ ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

ተመልሼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «ከነገ ጀምሮ ከእኛ ጋር ይበላሉ» አልኳቸው።

አባባ ሳቁ። «ተዪው ልጄ። ያቺን ሴትዮ ደግሞ ላሳምማት?»

ያውቁ ኖሯል። ፎርሙን ስሞላ ጀምሮ ያውቁ ኖሯል።

ቆየት ብለው «ገነት እንዳትሰማ፣ ትቆጣሻለች። ባሕሩ ነው እንበላት» አሉኝ። ባሕሩ ነው አልን። የቀሩትን ሦስት ማታዎች ክፍላቸው ውስጥ አብሬያቸው በላሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዞው የጠየቃቸውን ሁሉ «ባሕር አይስማማኝም» ይሉት ነበር። አስፐን ሂል የሚኖር ጓደኛቸው ዓሣ እናጥምድ ብሎ ወንዝ ዳር ሲጠራቸው እንኳ ቀሩ። መሬት ላይ ቆሞ የሚጠመድ ዓሣ! ይወዱት የነበረ ነገር። የእኔን ውሸት ለመጠበቅ ተዉት።

ካረፉ አምስት ዓመት ሆናቸው። በሙት ዓመታቸው ገነት ሰው ፊት ተነሥታ ስለ እኔ ተናገረች። እኅቴ ለአባባ የእራታቸውን ሰዓት እንኳ ሳይቀር ታስብላቸው ነበር አለች። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ፊቴን ሸፈንኩ። ሐዘን መሰላቸው።

ስልኩን የዘጋሁባት ሰኞ ማታ ከገነት መልእክት መጣ። «ግድ የለም፣ የመጀመሪያውን እንይዛለን። አባባ የበሉበት ነው» ይላል።

የበሉበት!

ቅዳሜ ምሳ ጠራኋት። ድልድዩን ተሻግራ መጣች። ሳህኗን ሞላሁላት፤ ግማሽ ስትደርስ ነገርኳት። ሁሉንም። ኮታቸውን፣ ክኒኑን፣ ሳህኑን በዓይናቸው መሸኘታቸውን። እሷን አላየሁም፤ የጨው ዕቃውን ነበር የማየው።

መጉረሷን አቆመች። ከዚያ «ሊንዳ አሁን የት ናት?» አለችኝ።

«እንጃ። ሥራ ከለቀቀች ስምንት ዓመት ሆናት። ደውላልኝም አታውቅ።»

«ለሊንዳ ብለሽ» አለችና ሳህኑን ገፋ አደረገችው። «በቃኝ።»

ተነሥቼ ሳህኑን አነሳሁ። ማጠቢያው ጋ ስደርስ ከኋላዬ ድምፅዋን ሰማሁት፤ ተሰብሯል።

«አንቺ! ገና አንዴ እኮ ነው እምቢ ያልኩት።»

ሳህኑን መልሼ ፊቷ አስቀመጥኩት። «በሞቴ» አልኳት።

«ጠግቤያለሁ።»

«ገኒዬ፣ በሞቴ።»

እያለቀሰች በላች። ቀና ብዬ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን ሰዓት አየሁት። ሁለቴ «በሞቴ» ማለት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።